ቀለበቱ ሁለት ግራም፣ መንገዱ ሁለት ዓመት

ለዛሬ ወደ ፒያሳ ልወስዳችሁ ነው። ኬክ ልጋብዛችሁ እንዳይመስላችሁ! ወርቅ ቤት ነው የምንገባው። አይዟችሁ፣ ኪሳችሁን አትዳብሱ። እኔና እጮኛዬም የገባነው ኪሳችን ሳይሞላ ነው። እንዲያውም ይሄን ጽሑፍ ያመጣው የኪሳችን ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ ዱባይ ሆቴል ቤት ሥራ አገኘ። የሁለት ዓመት ውል ፈረመ። ቪዛው መጣ፣ ትኬቱ ተቆረጠ፣ የቀረን 19 ቀን ብቻ ሆነ። ይሄኔ ነው እማዬ ቡና እያፈላች አንድ ቃል ጣል ያደረገችው።

«ቀለበት ሳያስር ከሄደ፣ እንደሄደ ቁጠሪው!»

በቃ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔም እሷ ያለችውን ለእሱ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ኩሩ ነው፤ በማግስቱ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቁጭ ብድግ አሉ፣ «እሺ» ተባሉ። ቀለበት የሚታሰርበት ቀን ለሚመጣው እሑድ ተቆረጠ። ሁሉም ነገር ሞላ… ቀለበቱ ብቻ የለም!

እጁ ላይ ያለው የእቁብ ብር ነው። ያ ብር ደግሞ ሥራ ነበረው። ዱባይ ደርሶ የመጀመሪያውን ደሞዝ እስኪያገኝ ድረስ የሚበላው፣ ታክሲ የሚሳፈረው፣ ስልክ የሚሞላው እሱ ነው። ሰው አገር ገብቶ ባዶ ኪስ መሆን ምን እንደሚመስል የሄደ ያውቀዋል። ታዲያ ይሄን ብር ለቀለበት እናውለው ወይስ ለመንገድ? ሙግቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሽቅብ ወደ ፒያሳ

ሐሙስ ጠዋት አራት ኪሎ ተገናኘንና በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን በእግራችን ወጣን። ይሄን መንገድ የልጅነት መንገዴ ስለሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደው ነበር። አሁን ግን ዓይኔን ገልጬም ይጠፋብኛል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ስንት ቤት ፈረሰ፤ መንገዱ ሰፋ፣ መብራት በመብራት ሆነ። በዚያው ዓመት የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። የማውቀው ሻይ ቤት የለም፤ የማውቀው ልብስ ሰፊም የለም። ሰው ፎቶ ይነሣል፤ እኔ ደግሞ ቆሜ «እዚህ ጋ ምን ነበር?» እላለሁ።

ፒያሳ የሚለውን ስም ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው፤ በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ስሙ አራዳ ነው። በምኒልክ ዘመን የከተማው ዋና ገበያ እዚህ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ሕንዱም ሱቅ የከፈተው እዚሁ ነው። ጣሊያን ሲገባ ገበያውን ወደ መርካቶ ወሰደው። ወርቅ ግን ከፒያሳ አልወጣም። የአዲስ አበባ ሰው መርካቶም ቢሆን ወርቅ ቤት እንዳለ እያወቀ፣ ለቀለበት ሲሆን እግሩ ወደ ፒያሳ ይመራዋል። እናቴም የጋብቻ ጉትቻዋ የተገዛው እዚሁ ነው። ይሄን ጉትቻ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የቀለጠው መስታወት

መጀመሪያ የገባነው መብራቱ ዓይን የሚያጠፋ ቤት ነው። መስታወቱ ላይ ሐብሉ፣ አምባሩ፣ ቀለበቱ ተደርድሮ ይንቦገቦጋል። አንዲት ቆንጆ ልጅ ፈገግ ብላ ተቀበለችን።

«ለቀለበት ነው አይደል? እንኳን ደስ አላችሁ! ነይ የኔ ቆንጆ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

ከየት መጣ ሳልለው ጣቴ ላይ ትልቅ ድንጋይ ያለው ቀለበት ተገኘ። ያምራል። አልዋሻችሁም፣ በጣም ያምራል! እጄን አዟዙሬ አየሁት። እሱም እኔን አየኝ። ልጅቷ ማስሊያዋን ጫን ጫን አደረገችና አሳየችን። የእቁቡ ብር ሙልጭ ብሎ ያልቃል፤ ላዩ ላይ ብድርም ይጠይቃል።

«እንወስደዋለን» አለ።

«እንዴ!» አልኩኝ።

«ዝም በይ አንቺ!»

እጁን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ጊዮርጊስ አጥር ሥር ቆመን ተጨቃጨቅን። ሰው ያልፋል፣ ያገድማል፤ እኛ ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንናከሳለን።

«ሽማግሌዎች ፊት ክር የመሰለ ነገር ላወጣ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ዱባይ ምሳህን አይገዛልህም!»

«እናትሽስ?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ የእህቴን ታሪክ ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ድንጋዩን በወርቅ ዋጋ

ታላቅ እህቴም እጮኛዋ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል ነው ቀለበት ያሰረላት። የሷ ቀለበት ከባድ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እጇን እየያዘ ያየው ነበር። ሰውየው ሄደ። የመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ ደወለ። ሁለተኛው ዓመት በየወሩ ሆነ። ከዚያ በየበዓሉ… ከዚያ ዝም። እህቴ ስድስት ዓመት ጠበቀች። ሰው ሲጠይቃት እጇን ታሳያለች፤ ቀለበቱ ነው የሚመልስላት። «እንዲህ ያለ ወርቅ ያሰረ ሰው እንዴት ይቀራል?» እያልን እኛም እናጽናናት ነበር። ቀረ።

በመጨረሻ ቀለበቱን ልትሸጥ ወጣች፤ እኔ ነኝ አብሬያት የሄድኩት። ወርቅ ቤቱ ድንጋዩን በመቆንጠጫ ፈልቅቆ አውጥቶ ጎን አስቀመጠው። ከዚያ ወርቁን ብቻ መዘነ። ድንጋዩ ለካ ተራ ብልጭልጭ ነው! ሲገዛ ግን ከነድንጋዩ ተመዝኖ፣ ድንጋዩም በወርቅ ዋጋ ተከፍሎበት ነበር። የእጅ ዋጋ የተባለው ደግሞ ጭራሽ አይመለስም። እህቴ ብሩን ተቀብላ ስትወጣ ምንም አላለችም። ታክሲ ውስጥ ነው ያለቀሰችው። ለብሩ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ይሄን ስነግረው እሱ ዝም አለ። ቆይቶ «እኔ እንደሱ ነኝ?» አለኝ። «አይደለህም፤ ለዚህ ነው ከባድ ቀለበት የማያስፈልገኝ» አልኩት። ያን ጊዜ ነው ንዴቱ የበረደው።

ዱባይ ርካሽ አይደል እንዴ?

ቡና ልንጠጣ ገባን። እዚያ ሌላ ሐሳብ አመጣ። «ለምን ዱባይ ገዝቼ አልክልሽም? እዚያ ወርቅ እንደ ሽንኩርት ነው ይላሉ!»

ይሄን ብዙ ሰው ይለዋል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ወርቅ የትም አገር መነሻ ዋጋው የዓለም ገበያ ነው። የሚቆጠረው በአውንስ ነው፤ አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ አንዱ አውንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ወጣ። ሲካፈል፣ ንጹሑ ወርቅ ግራሙ ከ128 ዶላር በላይ ሆነ ማለት ነው። የኛ ብር ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ወርቁ በዶላር ወጣ፣ ዶላሩ በብር ወጣ። አሁን ገባችሁ ቀለበት ለምን እንደከበደን?

ዱባይ ዴራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ትልቅ የወርቅ ገበያ አለ። የዕለቱ የግራም ዋጋ ይለጠፋል፤ በየሱቁ ያው ነው። ክርክሩ ያለው የእጅ ዋጋው ላይ ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ አንዱ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው፤ ወርቁም ከዓለም ዋጋ ብዙ አይርቅም። እዚያ ርካሽ የሚመስለው ደሞዝ በድርሃም ለሚቀበል ሰው ነው። እሱ ደግሞ ገና ደሞዝ አልተቀበለም! ብራችንን እዚህ መንዝሮ ወስዶ እዚያ ወርቅ መግዛት ያው በገሌ ነው።

ደግሞስ እሑድ ሽማግሌ ፊት ምን ልናስር ነው? የዱባይ ተስፋ?

ጥቁሩ ድንጋይ

ከሰዓት በኋላ አንድ ጠባብ ደረጃ ወጥተን አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ገባን። መስታወት የለ፣ ሙዚቃ የለ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ አምፖል። ጋሼ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የሰው ሐብል ይበይዳሉ። ቀና ሳይሉ፣

«ስንት አላችሁ?» አሉን።

እንደዚህ ነው እንጂ! ስንት እንዳለን ለመንገድ የሚያስፈልገውን ቀንሰን ነገርናቸው። አልሳቁብንም። «ይሄ ከግራም ብዙም አያልፍም» አሉና ወንበር አቀረቡልን። ከዚያ ያስተማሩኝን ለእናንተም ላስተምር።

ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው፤ ለቀለበት ግን ልስልስ ነው። 21 ካራት ማለት ከ100 እጅ 87.5ቱ ወርቅ ነው። 18 ካራት 75ቱ ወርቅ ነው፤ ሌላው መዳብና ብር ነው የሚሆነው። ስለዚህ ቀለበቱ ውስጥ 18 ወይም 750 የሚል ማህተም ካያችሁ ያው አንድ ነገር ነው፤ 875 ካለ ደግሞ 21 ነው። 3 ግራም የ18 ካራት ቀለበት ውስጡ ያለው ወርቅ 2.25 ግራም ብቻ ነው። «ሦስት ግራም ገዛሁ» ብሎ የሚፎክር ይሄን ይወቅ።

ማህተሙን ግን ማንም ሊመታው ይችላል። ጋሼ አንድ ጥቁር ድንጋይ አወጡ፤ ወርቁን ድንጋዩ ላይ አሸት አድርገው ላዩ ላይ አሲድ ጠብ ያደርጋሉ። መስመሩ ቆሞ ከቀረ ወርቅ ነው፤ ከጠፋ… እሱም ነገሩም ጠፋ! «ሲገዛ መፈተን የሚያፍር፣ ሲሸጥ ያለቅሳል» አሉን። እህቴን ያወቋት መሰለኝ።

«አሮጌ ወርቅ የላችሁም?» አሉን በመጨረሻ። «አሮጌ ካለ እኮ የምትከፍሉት የእጅ ብቻ ነው።»

እኔ የለኝም። እሱም የለውም። ተሰናብተን ወጣን።

የእማዬ ጉትቻ

ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። ዝም ብላ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ፈታሁት። አንድ ጉትቻ! ሁለተኛው እኔ ሕፃን እያለሁ ነው የጠፋው። አባታችን ለሠርጋቸው የገዛላት ነው። አንዱን ብቻዋን አታደርገው፣ አትሸጠው፣ ዝም ብላ ስታስቀምጠው ኖራለች።

«ውሰጂ። ለብቻው ምን ይሠራልኛል?»

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ቀለበት ካላሰረ ያልሽው…»

«ያስር አልኩ እንጂ፣ ይራብ አልኩ?»

ቃሏ ይሄ ነበር። አሁን ስጽፈውም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ጉትቻውን መዘኑት፤ 1.6 ግራም። ድንጋዩ ላይ አሹት፤ 21 ካራት። እርሳስ አንሥተው ወረቀት ላይ አሰሉልን፦ በ21 ካራት 1.6 ግራም ማለት 1.4 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው። ወደ 18 ካራት ቢወርድ ይጠነክራል፣ ክብደቱም 1.87 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ሲቀልጥና ሲሞረድ የሚባክነውን ለማሟላት ከሳቸው ትንሽ ወርቅ ገዝተን ጨመርን። ሁለት ግራም ሞላ። ጉትቻው እሳት ሲነካው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ተጨማዶ አንዲት ጠብታ ሆነ። እማዬ ብታየው ምን ትል ይሆን እያልኩ አየሁት። ጋሼ ቀጠቀጡት፣ ሳቡት፣ አጠፉት፣ ገጠሙት። ከሰዓት ጣቴ ላይ ነበር። ክር የመሰለ፣ ድንጋይ የሌለው፣ ልሙጥ ቀለበት።

ለሱስ? ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና ወርደን፣ ለቱሪስት መስቀልና ጌጥ ከሚሸጡት ሱቆች ከአንዱ የብር ቀለበት ገዛን። 925 የሚል ማህተም አለው፤ ከ1,000 እጅ 925ቱ ብር ነው ማለት ነው። ብር ይጠቁራል እንጂ አይጎዳም፤ በጨርቅ ሲያሹት ይመለሳል። ወጥ ቤትም ሆነ እቃ ማጠቢያ ቢመድቡት አውልቆ ማስቀመጥ ስላለበት፣ ወርቅ ቢጠፋበት ልቡ ይሰበር ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አንዱ ቀለበቴን አየት አድርገው «ቀጭን ናት፣ ግን ታምራለች» አሉ። እማዬ ቀበል አድርጋ «የኔ ጉትቻ ናት!» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያ እልልታው ቀለጠ። «ሰው ምን ይላል?» ያለው ልጅ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

እንግዲህ ለእናንተ

አንባብያን፣ እናንተም ከመሄጃ ቀን በፊት ቀለበት ልታስሩ ከሆነ እነዚህን ያዙልኝ።

መጀመሪያ የመንገዱን ብር ለዩ፣ ከዚያ የቀለበቱን። የመጀመሪያውን ወር የሚያኖረው ብር አይነካ። ባዶ ኪሱን የሄደ ሰው ይበደራል፤ የተበደረ ሰው ደግሞ ከመደወል ይሸሻል። ስንቱ ፍቅር የጠፋው እንዲህ ነው።

ከግራሙ ዋጋ ሌላ የእጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ። ወርቅ ስትሸጡ የሚመለሰው የወርቁ ብቻ ነው። ቅርጹ በበዛ ቁጥር የማይመለሰው ይበዛል። ባጀቱ ጠባብ ከሆነ ልሙጥ ይሻላል።

ድንጋይ ካለው ያለድንጋዩ ስንት ግራም እንደሆነ ጠይቁ። ግራሙም ካራቱም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ያለ ደረሰኝ አትውጡ፤ ወርቅ ይዞ አገር የሚወጣም ሰው ደረሰኙን ይያዝ፣ ጉምሩክንም አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጣታችሁን ጠዋት በብርድ አታስለኩ። ከሰዓት፣ ሲሞቅ ይለካ። ሙቀት ጣት ያሳብጣል፤ ዱባይ በበጋው ከ40 ዲግሪ በላይ ነው።

አሮጌ ወርቅ ጠይቁ። በየቤቱ ጓዳ አንድ እግሩ የጠፋ ጉትቻ፣ የተበጠሰ ሐብል አለ። ውለታ ስለሆነ ግን ሰጪውን አትርሱ።

አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። ቀለበት ጋብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚፈጸምባቸው ሦስት መንገዶች አሉት፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። ቀለበት ከሦስቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ እህቶቼ፣ ጣታችሁ ላይ ስላለ ብቻ «ባሌ ነው» ብላችሁ ወረቀት አትፈርሙ፣ ብር አትላኩ፣ ዕድሜያችሁንም አታስይዙ። እኛ ከቀለበቱ በፊት ማታ ተቀምጠን አራት ነገር ተነጋገርን፦ በየስንት ቀኑ እንደዋወላለን? ማን ምን ያህል ያጠራቅማል? ውሉ ሲያልቅ ይመለሳል ወይስ ያድሳል? አንዳችን ሐሳባችንን ከቀየርንስ እንዴት እንነጋገራለን? የመጨረሻው ጥያቄ መራራ ነው። እህቴን አንድ ሰው ይሄን ቢጠይቅላት ኖሮ ስድስት ዓመት ባልጠበቀች።

እሱ ሄዷል። የብር ቀለበቱን ሥራ ሲገባ አንገቱ ላይ ካለው ማተብ ጋር ያስረዋል። የመጀመሪያው ደሞዝ እስኪደርስ የእቁቡ ብር ልክ በቃው፤ ሁለት ቀን ሲቀረው አለቀ። ያን ትልቅ ድንጋይ ገዝተን ቢሆን ኖሮ እነዚያን ሳምንታት ምን በልቶ ያድር ነበር እያልኩ አስባለሁ። ትናንት ማታ ደውሎ «ስመለስ ከዴራ ትልቁን ነው የማመጣልሽ!» አለኝ።

«አንተ ብቻ ና!» አልኩት።

ለሁለት ዓመት ጥቂት ወራት ይጎድለዋል። እማዬ ቡና ባፈላች ቁጥር እጄን ይዛ ጉትቻዋን ታየዋለች።

ቸር ያገናኘን!